«ሚኒስትር» የሚለው ቃል ከወዴት መጣ?

በየደብዳቤው ራስጌና በየማኅተሙ ላይ የምናነበው «ሚኒስትር» ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ቃል መሆኑን የማያውቅ አንባቢ የለም። ዳሩ ግን በተወለደበት አገር ትርጉሙ ምን እንደ ነበረ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ቃሉ የሮማውያን ነው። በላቲን ቋንቋ «ሚኑስ» ያነሰ፥ «ማጊስ» የበለጠ ማለት ሲሆን፥ ከፊተኛው «ሚኒስቴር»፥ ከኋለኛው «ማጊስቴር» ተገኙ። ማጊስቴር አለቃና መምህር ነው፤ ሚኒስቴር ግን በማዕድ አጠገብ ቆሞ የሚያስተናግድ አሽከር ነበር። በአራተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሄሮኒሞስ ያቃናው የላቲን ወንጌልም፥ ማቴዎስ በምዕራፍ 20 በግሪክ «ዲያኮኖስ» ያለውን «ሚኒስቴር» ብሎ አስቀምጦታል። እንግዲህ በቅዳሴ የሚያገለግለው ዲያቆንና በቢሮ የተቀመጠው ሚኒስትር በትርጉም ወንድማማቾች ናቸው፤ ይህን ስንረዳ ፈገግ ማለታችን አልቀረም።

የቃሉ ዘመዶች በየአገሩ ተበትነዋል። ፈረንሳዮች የእጅ ሙያን «ሜቲዬ» የሚሉት ከዚሁ ግንድ ነው፤ እንግሊዞችም አዝማሪውን «ሚንስትረል» ያሉት የጌታ ቤት አገልጋይ ስለ ነበረ ነው። ከሁሉ የሚያስደንቀው የጀርመን አገር ታሪክ ነው። በዚያ በ11ኛውና በ12ኛው መቶ ዓመት «ሚኒስቴሪያሌስ» የተባሉት ሰዎች ነጻነት የሌላቸው የጌታ ንብረቶች ሲሆኑ፥ ፈረስና ጋሻ ይዘው ግንብ እስከ መጠበቅ ደረሱ፤ ልጆቻቸውም ከመኳንንት ተቈጠሩ። የጌታውን ቤት ቍልፍ የያዘ አሽከር ከጌታው ዘመድ ይልቅ የሚፈራ መሆኑን እኛም እናውቃለን፤ «እልፍኝ አስከልካይ» የሚለው የቤተ መንግሥታችን ማዕርግ ከበር ጠባቂነት የተነሣ አይደለምን?

በእንግሊዝ አገር ሚኒስትር የንጉሥ አገልጋይ ነበርና፥ ከባልንጀሮቹ በላይ የሚሆን አገልጋይ አይወደድም ነበር። ስለዚህ ሮበርት ዋልፖል ተቃዋሚዎቹ «ጠቅላይ ሚኒስትር» ሲሉት፥ በ1741 እ.ኤ.አ. በምክር ቤት ፊት አይደለሁም ብሎ ካደ። ስሙ ያን ጊዜ ስድብ ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን በሾሙ ጊዜ፥ ወደ እኛ የገባው ክብሩ ነው፤ የአሽከርነቱ ትርጉም ከባሕር ማዶ ቀረ።

ማጊስቴርስ ምን ሆነ? በጣሊያን «ማኤስትሮ»፥ በጀርመን «ማይስተር» ተብሎ ሙያውን እንደ ያዘ ይኖራል። በእንግሊዝ ግን «ማስተር» የነበረው አጠራሩ እየላላ «ሚስተር» ሆነ፤ ዛሬ ማዕርግ ለሌለው ለማንኛውም ወንድ ይሰጣል።