81,000 ሲዲ የተያዘበት ማታ

ማክሰኞ ማታ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 16 ቀን 2007። በአሜሪካ አትላንታ ከተማ፣ ካስልቤሪ ሂል በሚባለው ሰፈር፣ የታጠቁ ፖሊሶች በድንገት አንድ የሙዚቃ ስቱዲዮ ገቡ። ሲወጡ ከ81,000 በላይ ሲዲ፣ ኮምፒውተሮች፣ የመቅረጫ ዕቃዎችና 4 መኪኖች ይዘው ነበር። የስቱዲዮው ሰዎች ዲጄ ድራማና ባልደረባው ዶን ካነን ታስረው ተወሰዱ። የቀረበባቸው ክስ ለተደራጁ የወንጀል ቡድኖች በወጣው ከባድ ሕግ ላይ የተመሠረተ ነው። በአሰሳው ፖሊስን ያገዘው ደግሞ የአሜሪካ የሙዚቃ አሳታሚ ኩባንያዎች ማኅበር ነበር።

የተያዙት ሲዲዎች «ሚክስቴፕ» የሚባሉት፣ በዲጄ የሚዘጋጁ የዘፈን ስብስቦች ናቸው። በሕጉ ዓይን ሲታዩ ያለ ፈቃድ የተባዛ የሰው ንብረት ናቸው። የሂፕሆፕ አድማጭ ግን በዚያ ዘመን አዲስና ትኩስ ነገር ሲያምረው ወደ መደብሩ አልበም ሳይሆን ወደ እነዚህ ሲዲዎች ነበር የሚሮጠው። ከአሰሳው በፊት በነበረው ዓመት ድራማ ከራፐሩ ሊል ዌይን ጋር ያወጣው «ዴዲኬሽን 2» በሙዚቃ ሃያስያን ዘንድ ከዓመቱ ምርጥ ሥራዎች ተቆጥሯል። ይበልጥ የሚያስገርመው የአሳታሚ ኩባንያዎቹ ነገር ነው። የማስታወቂያ ክፍሎቻቸው ገና ያልወጡ ዘፈኖችን ለሚክስቴፕ ዲጄዎች በእጅ አዙር ሲያቀብሉ ኖረዋል። አንድ ራፐር መንገድ ላይ ካልተወራለት አልበሙ እንደማይሸጥ ከማንም በላይ ያውቁ ነበርና።

ሚክስቴፕ የአልበም ታናሽ ወንድም ተደርጎ ቢታይም ከአልበም ቀድሞ የተወለደ ነው። ሂፕሆፕ ልደቱን የሚቆጥረው ከኦገስት 11 ቀን 1973 ነው። ያን ምሽት በኒው ዮርክ ብሮንክስ፣ ሴድግዊክ ጎዳና ቁጥር 1520 በሚገኝ ሕንፃ ውስጥ ሲንዲ ካምቤል የምትባል ልጅ ትምህርት ሊከፈት ሲል ድግስ ደገሰች። መግቢያው ለሴት 25 ሳንቲም፣ ለወንድ 50 ሳንቲም ነበር። ሸክላውን የሚያጫውተው ወንድሟ፣ የጃማይካው ተወላጅ ዲጄ ኩል ኸርክ ነው። በሸክላ ታትሞ አገር ምድሩን ያዳረሰው የመጀመሪያው የራፕ ዘፈን፣ የሹገርሂል ጋንግ «ራፐርስ ዲላይት»፣ የወጣው ግን በ1979 ነው። በመካከሉ 6 ዓመት አለ። በእነዚያ 6 ዓመታት ሂፕሆፕ መስማት የፈለገ ሰው ወይ ድግሱ ላይ መገኘት ወይ የድግሱን ካሴት፣ ማለትም የመጀመሪያውን ሚክስቴፕ፣ ማግኘት ነበረበት።

ካሴቱ ከእጅ ወደ እጅ ይገለበጣል። ቅጂ ከቅጂ ሲቀዳ ድምፁ እየደከመ፣ የክሩ ሽውታ እየበዛ ይሄዳል። ባዶ ካሴት ይዞ ሙዚቃ ቤት ሄዶ ዘፈን ያስቀዳ፣ የተጠላለፈ ክር በእርሳስ ያጠነጠነ የኛ አገር አንባቢ ይህን ሽውታ አይረሳውም። በኒው ዮርክ የታክሲ ሾፌሮች መኪናቸው ውስጥ ያጫውቱታል፤ ወጣቶች ትልልቅ ቴፕ ትከሻቸው ላይ ጭነው ሰፈሩን ያሰሙታል። ዲጄው ግራንድማስተር ፍላሽ ለደንበኞቹ ለብቻቸው የሚሆን ካሴት በደቂቃ 1 ዶላር ሂሳብ ይቀርጽላቸው ነበር።

ዲጄው ከሸክላው ጀርባ ወጥቶ በካሴቱ ላይ መናገር የጀመረው በዚሁ የካሴት ዘመን ነው። በ1980ዎቹ በሀርለሙ «ሩፍቶፕ» ክለብ ያጫውት የነበረው ዲጄ ብሩሲ ቢ በሙዚቃው መሐል የታዳሚዎቹን ስም ይጠራ ነበር። ገንዘብ የያዙ የሰፈሩ ሰዎች ስማቸው እንዲነሳላቸው ይከፍሉታል፤ ካሴቱንም ገዝተው በመኪናቸው እየዞሩ ራሳቸውን ያዳምጣሉ። አዝማሪ ቤት ገብቶ፣ ስሙ በግጥም ሲነሳ ተነሥቶ በአዝማሪው ግንባር ላይ ብር የለጠፈ ሰው ስሜቱን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። በ1989 «52 ቢትስ» በተባለው ካሴቱ ስም ያወጣው ኪድ ካፕሪ ይህን ንግግር ትርኢት አደረገው። ሮን ጂ ደግሞ የአንዱን ዘፋኝ ድምፅ ከሌላው ዘፈን ምት ጋር አጋባው። ዱ ዎፕ በ1995 ባወጣው «95 ላይቭ» ራፐሮችን ሰብስቦ እዚያው ካሴቱ ላይ ራፕ አስወረዳቸው።

ከኩዊንስ የመጣው ዲጄ ክሉ መንገዱ ሌላ ነው። እሱ የሚሸጠው ማንም ያልሰማውን ነው። ያልወጣ ዘፈን እጁ ይገባል፤ በነጋታው ካሴቱ መንገድ ላይ ነው። በየዘፈኑ ላይ የገዛ ስሙ እያስተጋባ ይጮሃል። ጩኸቱ ብዙ አድማጮችን ያበሳጫል፤ ሥራ ነበረው ግን። ዘፈኑን ቀድሞ ያገኘው ማን እንደሆነ ይመሰክራል፤ ሌላው ገልብጦ የራሴ ነው እንዳይል ያግዳል፤ ራዲዮ ጣቢያም ንጹሕ ቅጂ አድርጎ እንዳያጫውተው ያደርጋል። እንደ ማኅተም ነው። እየቆየ አድማጩ ራሱ ያ ማኅተም የሌለበትን ካሴት ማመን ተወ።

ከኒው ዮርክ ርቆ፣ ቴክሳስ ሂውስተን ውስጥ፣ አንድ ዝምተኛ ሰው ካሴትን ሌላ ነገር አደረገው። ሮበርት ኧርል ዴቪስ ይባላል፤ ሕዝቡ የሚያውቀው ዲጄ ስክሩ ብሎ ነው። ሁለት አንድ ዓይነት ሸክላዎች ጎን ለጎን ያስቀምጣል። አንዱን ከሌላው በአንድ ምት ያዘገየዋል። ድምፅ ማሸጋገሪያውን በጣቱ ወዲያና ወዲህ ሲገፋው ያው ቃል ሁለት ጊዜ ይሰማል፤ ዘፈኑ እየተቆረጠ የሚመላለስ ይመስላል። ከዚያ የተቀረጸውን በሙሉ ፍጥነቱን ቀንሶ ወደ ካሴት ይቀዳዋል። የዘፋኙ ድምፅ ይወፍራል፣ ከበሮው ይከብዳል፣ ሙዚቃው ከሂውስተን ሙቀትና ከረጃጅም የመኪና መንገዶቿ ጋር አንድ ይሆናል። ሌሊት ሌሊት የሰፈሩ ልጆች ቤቱ ተሰብስበው ማይክራፎኑን እየተቀባበሉ ያልተጻፈ ራፕ ያወርዳሉ። በ1996 በጓደኛቸው ልደት ያደረጉት፣ «ጁን 27» የሚባለው ቀረጻ፣ በአንድ ምት ላይ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይሄዳል።

ካሴቶቹ ግራጫ ነበሩ፤ ርዕሳቸው በእጅ የተጻፈ። ገዢው ስክሩ ቤት በር ላይ ይሰለፋል። የመኪናው ሰልፍ ከመርዘሙ የተነሣ ፖሊስ ቤቱ ዕፅ የሚሸጥበት መስሎት ነበር። በ1998 የካሴት ሱቅ ከፈተ። ሆኖም በኖቬምበር 2000፣ በ29 ዓመቱ፣ ኮዴይንና ሌሎች መድኃኒቶች ተደራርበውበት ስቱዲዮው ውስጥ ሞቶ ተገኘ። የሂውስተን ልጆች እስከዛሬ በስሙ ይምላሉ።

ስክሩ በሞተበት ዓመት ሜይ ወር ኩዊንስ ውስጥ አንድ ወጣት ራፐር 9 ጥይት ተተኮሰበትና ተረፈ። 50 ሴንት ነው። ኮሎምቢያ የተባለው አሳታሚ አልበሙን መደርደሪያ ላይ አስቀርቶ አሰናበተው። በር የሚከፍትለት ሲያጣ ወደ ሚክስቴፕ ዞረ። ሌሎች በሚሊዮን ዶላር ያሠሩትን የዘፈን ምት እየወሰደ የራሱን ግጥምና ዜማ ጫነበት፤ ከዲጄ ሁ ኪድ ጋርም በ2002 «50 ሴንት ኢዝ ዘ ፊውቸር»ን አወጣ። እስከዚያ ድረስ ሚክስቴፕ የብዙ ሰው ስብስብ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የአንድ ሰው ወይም የአንድ ቡድን ሙሉ ሥራ ሆነ። በዚያው ዓመት ራፐሩ ኤሚነም በ1 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው። በፌብሩዋሪ 2003 የወጣው «ጌት ሪች ኦር ዳይ ትራዪን» በመጀመሪያው ሳምንት 872,000 ቅጂ ተሸጠ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ሚክስቴፕ ሳይሠራ አልበም አወጣለሁ የሚል ራፐር ጥቂት ነበር።

ዲጄ ድራማ የደረሰው በዚህ ጊዜ ነው። የፊላደልፊያ ልጅ ነው፤ አትላንታ የሄደው ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት ነበር። ኒው ዮርኮች ደቡቡን በንቀት ያዩት በነበረበት ሰዓት «ጋንግስታ ግሪልዝ» የሚል ተከታታይ ሚክስቴፕ ጀመረና የደቡብ ራፐሮችን አንድ በአንድ አቀረበ። በ2005 ከያንግ ጂዚ ጋር ያወጣው «ትራፕ ኦር ዳይ» በየመኪናው ይጮህ ነበር። ድራማ ሥራው እንደ ግብር ቤት አጋፋሪ ነው። በር ላይ ቆሞ የእንግዳውን ማዕረግ ይናገራል፣ ቦታ ያስይዛል፣ አዳራሹን ጸጥ ያሰኛል፤ ከዚያ እንግዳው ይገባል። ራፕ አያወርድም። ነገር ግን እሱ ያልጮኸለት ገና አልደረሰም ይባል ነበር።

እንዲህ ያለውን ሰው ነው ያሰሩት። የአሳታሚዎቹ ማኅበር የቅጂ መብት ብሎ የተከራከረው ከሕግ አንጻር መሠረት አለው፤ ባለመብቱ ያልፈቀደው ምት በሲዲ ታትሞ ተሽጧል። ይሁንና በአንድ እጅ ዘፈን እያቀበሉ በሌላው ካቴና ማስገባት ፍትሕ ሊባል አይችልም። የአሰሳው ወሬ ሲሰማ ሚክስቴፕ የሚሸጡ ሱቆች ደነገጡ፤ ሲዲው ከመደርደሪያ መውረድ ጀመረ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር «ጋንግስታ ግሪልዝ» በሕጋዊ አልበምነት ለገበያ ቀረበ። ያሳተመው አትላንቲክ ሲሆን፣ ይህ ኩባንያ በአሰሳው ፖሊስን ያገዘው ማኅበር አባል ከሆኑት ትልልቅ አሳታሚዎች ወገን ነው።

ሲዲው ከመንገድ ሲጠፋ ሚክስቴፕ ወደ ኢንተርኔት ተሻገረ። በ2005 የተከፈተው ዳትፒፍ የሚባለው ድረ ገጽ በነጻ የሚወርድበት ትልቁ መጋዘን ሆነ። በዚህ ዘመን ከተነሡት አንዱ ለሀበሻ ጆሮ ስሙ እንግዳ አይደለም፤ ኤርምያስ አስገዶም። ከኤርትራዊ አባት በሎስ አንጀለስ የተወለደው፣ ዓለም ኒፕሲ ሀስል ብሎ የሚያውቀው ራፐር ነው። በ2013 «ክሬንሾው»ን በኢንተርኔት በነጻ ለቀቀው። ጎን ለጎን 1,000 ሲዲ አሳትሞ እያንዳንዱን በ100 ዶላር ሸጠው። ራፐሩ ጄይ ዚ ብቻውን 100 ገዛ። ነጻ የሚገኝን ሥራ በዚያ ዋጋ የገዛው ሰው የከፈለው ለዘፈኑ ሳይሆን በራፐሩ ላይ ላለው እምነት ነበር።

ወደ ሙዚቃ መተግበሪያዎቹ ዘመን ሲደረስ ግን አሮጌው የመብት ጥያቄ ተመልሶ መጣ። የሊል ዌይን የ2009 ሚክስቴፕ «ኖ ሲሊንግስ» በ2020 ወደ መተግበሪያዎቹ ሲገባ ከዘፈኖቹ ብዙዎቹ ቀርተው ነበር፤ የሰው ምት ላይ የተሠሩ በመሆናቸው። አዲሱ አድማጭ የሚሰማው የተገመሰውን ነው። የዲጄ ድራማ ድምፅ በበኩሉ በ2021 በራፐሩ ታይለር ዘ ክሪኤተር አልበም ላይ ከዳር እስከ ዳር ሲጮህ ተሰማ፤ አልበሙም በኤፕሪል 2022 የዓመቱ ምርጥ የራፕ አልበም ተብሎ ግራሚ ተሸለመ። ከአትላንታው አሰሳ 15 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

የዲጄ ስክሩ ሸክላዎችም ማረፊያ አግኝተዋል። ከ1,000 በላይ የሚሆኑት ዛሬ በሂውስተን ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ ተመራማሪ እንደ ብራና መጽሐፍ አስወጥቶ ያያቸዋል። የከፈተው ሱቅም ከሞቱ በኋላ ሳይዘጋ፣ ያንኑ የዘገየ ሙዚቃ መሸጡን ቀጠለ።