የባርቤጋል የውሃ ወፍጮ ታሪክና ፍርስራሹ

እኅል ካልተፈጨ እንጀራ የለም። ይሁን እንጂ ታሪክ ጸሓፊዎች የጦር ሜዳውንና የዙፋኑን ነገር ሲያትቱ፣ ዱቄቱን ማን ፈጨው ብለው የጠየቁ ጥቂቶች ናቸው። ዶሮ ሲጮኽ ተነሥታ ከወፍጮ ላይ የምታጐነብስን እናት ያየ ሰው ግን ይህን ጥያቄ ከንቱ አይለውም። ስለዚህ ይህን ሸክም ከሰው ክንድ አውርደው ለውሃ ካሸከሙት ጥንታውያን ሥራዎች አንዱን፣ በደቡብ ፈረንሳይ የሚገኘውን የባርቤጋልን ወፍጮ፣ ለአንባቢዎቻችን ባጭሩ እንገልጻለን።

በሮማውያን ዘመን አብዛኛው እኅል የሚፈጨው በባሪያ ክንድና በአህያ ጕልበት ነበር። ሆኖም ውሃ የሚያዞረው ወፍጮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው መቶ ዓመት ይታወቅ እንደ ነበር የሮማዊው መሐንዲስ የቪትሩቪዩስ መጽሐፍ ያስረዳል። የተሰሎንቄው ባለቅኔ አንቲጳጥሮስም ገረዶች ከወፍጮ ድካም በማረፋቸው ተደስቶ ግጥም ጽፎአል።

ባርቤጋል ከአርል ከተማ ብዙ አይርቅም። ውሃው ከአልፒይ ኰረብታዎች በግንብ ቦይ ተመርቶ ይመጣና ቋጥኙን ሰንጥቆ በተቈረጠ መንገድ አልፎ ወደ ተዳፋቱ ይወርዳል። በዚያም ስምንት ስምንት ሆነው በሁለት ረድፍ የተሰለፉ 16 መንኰራኵሮች ነበሩ። ውሃው የላይኛውን አዙሮ ወደሚቀጥለው ይወድቃል፤ ያንንም አዙሮ እስከ ግርጌው ይወርዳል። አንዱ ውሃ ስምንት ጊዜ ሠራ ማለት ነው።

ስፍራውን በ1937ና በ1938 (በአውሮፓውያን አቈጣጠር) የቈፈሩት ፈረንሳዊው ሊቅ ፈርናን በኗ ናቸው። በዚያን ጊዜ ወፍጮው የሮማ መንግሥት ሲያረጅ፣ የባሪያ ቍጥር ሲያንስ የተሠራ መስሎ ነበር። ኋላ የተደረገው ምርመራ ግን በ2ኛው መቶ ዓመት፣ መንግሥቱ ገና በብርታቱ ሳለ እንደ ሠራ አስረዳ። ስለዚህ «ባሪያ ያለው ሕዝብ መሣሪያ አይሻም» የሚለው አስተያየት በዚህ ስፍራ ሐሰት ሆኖ ተገኘ።

ከሁሉ የሚደንቀው የማስረጃው ነገር ነው። የመንኰራኵሮቹ እንጨት ፈጽሞ በስብሶ ጠፍቶአል። ነገር ግን ውሃው ኖራ የበዛበት ስለ ነበር በእንጨቱ ላይ ቅርፊት ሠርቶ የእንጨቱን መልክ በድንጋይ አትሞ አቈየው። በ2018 ሊቃውንት 142 የቅርፊት ስባሪዎችን መርምረው፣ እንደ ዛፍ ክበብ የተነባበሩትን ንጣፎች ሲያነቡ፣ ወፍጮው በየዓመቱ በበጋው ማብቂያና በመከር ጊዜ ሥራ ያቆም እንደ ነበር አገኙ። በቀን እስከ 25 ቶን ዱቄት ሊፈጭ ይችል ነበር ብለው ገምተዋል። ዱቄት ብዙ የማይቈይ ስለ ሆነ፣ ምናልባት ከአርል ወደብ ለሚነሡ መርከበኞች ደረቅ ስንቅ ይጋገርበት ነበር ይላሉ።

ዛሬ በተዳፋቱ ላይ የሚታዩት የግንብ መሠረቶች፣ የቦዩ ቅስቶችና ደረጃው ናቸው። የወፍጮውን የሥራ ታሪክ የነገረን ግን፣ በእንጨቱ ላይ የተሠራው ቅርፊት ነው። እኛም በየጓሮው ወድቆ የምናየውን ያረጀ የወፍጮ ድንጋይ ለመሠረት ከመጣላችን በፊት፣ የስንት እናቶች ድካም እንደ ተጻፈበት ቆም ብለን ልናስብ ይገባናል።