የአስቴር አወቀ «አስቴር» አልበም እና ያገኘው አቀባበል

«አስቴር» የተሰኘው አልበም እ.ኤ.አ በ1989 በእንግሊዙ አሳታሚ ትሪፕል ኧርዝ አማካኝነት ለአድማጭ የቀረበ የድምጻዊት አስቴር አወቀ ሥራ ነው። ቀጥሎም ታላቁ የአሜሪካ አሳታሚ ኮሎምቢያ ሪከርድስ በሀገሩ አሰራጭቶታል። አማርኛ የማይሰማው አድማጭ የኢትዮጵያን ሶል ሙዚቃ በሴት ድምጽ እንዲያውቅ በር ከከፈቱ ቀዳሚ አልበሞች አንዱ ሲሆን፣ ለድምጻዊቷም በዓለም አቀፍ ገበያ የመጀመሪያዋ ነው።

አስቴር አወቀ እ.ኤ.አ በ1959 በጎንደር ተወልዳ ያደገችው በአዲስ አበባ ነው። በወጣትነቷ በመዲናዋ ሆቴሎችና የምሽት ክበቦች ከሚጫወቱ ባንዶች ጋር መዝፈን ጀመረች። አይቤክስ ባንድ እና የዋቢ ሸበሌ ሆቴል ባንድ ከእነዚህ መካከል ይጠቀሳሉ። ድምጿን ለሰፊው ሕዝብ ያደረሰው ግን የካይፋ ሪከርድስ ባለቤት የነበረውና «አሊ ታንጎ» በሚል ስም የሚታወቀው ሙዚቃ አሳታሚ አሊ አብደላ ካይፋ ነበር። በእርሱ ድጋፍ አምስት ካሴቶችና ሁለት ነጠላ ሸክላዎች አሳትማለች።

ዘመኑ ሸክላ ቦታውን ለካሴት የለቀቀበት ነበር። ሸክላ ማጫወቻ ውድና ለጉዞ የማይመች በመሆኑ በአብዛኛው ከከተሜው ቤት አልወጣም። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ቴፕ ግን መብራት ያልደረሰበት መንደር ድረስ ዘለቀ። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ደብረ ብርሃንን፣ ጣርማ በርንና ደብረ ሲናን አቋርጦ ወደ ደሴ እንደሚዘልቀው ባሉ አውራ ጎዳናዎች፣ ካሴት በአውቶቡስ ሾፌሮች፣ በነጋዴዎችና በሻይ ቤቶች አማካኝነት ከከተማ ከተማ ይሸጋገር ነበር።

ድምጻዊቷ እ.ኤ.አ በ1981 ወደ አሜሪካ ካቀናች በኋላ፣ በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ዋሽንግተን ዲሲ ተቀመጠች። በዚያም በኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ውስጥ በስደት ላሉ ወገኖቿ ስትዘፍን ቆየች። የትሪፕል ኧርዝ መሥራች ኢያን ስኮት በሥራዋ ተስቦ አልበሙን ያሳተመው ከዚህ በኋላ ነው። መንገዱ በከፊል ተጠርጎ ነበር፤ የቤልጂየሙ ክራምድ ዲስክስ እ.ኤ.አ በ1986 የማህሙድ አህመድን «እሬ መላ መላ» ለአውሮፓ አድማጭ አቅርቦ ነበርና።

በአልበሙ ከተካተቱት ዜማዎች መካከል «ትዝታ» ይገኝበታል። ትዝታ የዘፈን ስም ብቻ ሳይሆን ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች አንዱ ነው። ባቲና አምባሰል በደብረ ሲና በኩል በሚያልፈው መንገድ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው የሚያገኛቸው የወሎ አካባቢዎች ስሞች ናቸው። ቅኝቶቹ በአምስት ድምጾች የተመሠረቱ ሲሆኑ፣ ዘፋኙ አንዱን ቃል በማርገብገብና በማንከባለል ስሜቱን የሚገልጽበት ሰፊ ቦታ ይሰጣሉ። ሶል የሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃም ከቤተ ክርስቲያን መዝሙርና ከብሉዝ ተወልዶ ተመሳሳይ የአዘፋፈን ስልት አለው። አስቴር ሁለቱን ያገናኘችው አንዱን በሌላው በመተካት ሳይሆን፣ ቀድሞውንም የሚቀራረቡበትን ስፍራ በመያዝ ነው።

በውጭ ሀገር የነበረው አቀባበል ሞቅ ያለ ነበር። የሙዚቃ ጸሐፍት ድምጿን ከአሜሪካዊቷ የሶል ንግሥት አሬታ ፍራንክሊን ጋር አነጻጸሩት፤ ንጽጽሩም ከዚያ ወዲህ ከስሟ ሳይለይ ቀርቷል። አስቴር ራሷም አሬታን ከሚያደንቁ ድምጻውያን አንዷ ናት። ሆኖም ንጽጽሩ የተሟላ አልነበረም። ቋንቋውን የማያውቅ አድማጭ የደረሰው ዜማውና የድምጿ ኃይል እንጂ፣ የአማርኛ ግጥም በሰምና ወርቅ የሚሸሽገው ምሥጢር አይደለም። የኢትዮጵያ ሶልም በአስቴር አልተጀመረም። የክቡር ዘበኛዋ ድምጻዊት ብዙነሽ በቀለ እና ጥላሁን ገሠሠ ከእርሷ በፊት ስልቱን በአማርኛ አዳብረውታል።

ለሀገር ቤት አድማጭ ደግሞ አልበሙ የትውውቅ ሥራ አልነበረም። የአስቴርን ድምጽ በካሴት ሲሰማ ለኖረ ሰው፣ የ1989 አልበም የሚያውቃት ልጅ ከሩቅ ሀገር የላከችው መልእክት ነው። «የመጀመሪያ አልበም» የሚለው አጠራርም ስለዚህ እንደ አድማጩ ይለያያል፤ ለለንደንና ለኒው ዮርክ መነሻ የሆነው ሥራ ለጎንደር፣ ለአዲስ አበባና ለደብረ ሲና ቀጣይ ምዕራፍ ነበር።

አልበሙን ተከትሎ እ.ኤ.አ በ1991 «ካቡ»፣ በ1993 ደግሞ «እቦ» ወጥተዋል። በ1997ም ብዙ ሺህ ሕዝብ የታደመበት የሙዚቃ ዝግጅት በአዲስ አበባ አቅርባለች። ከዚያም በኋላ አዳዲስ አልበሞችን ለአድማጭ ማድረሷን ቀጥላለች።

የአልበሙ ታሪክ ከሙዚቃው ባሻገር የሚያስገነዝበው ቁም ነገር አለ። ካሴት የድምጻውያንን ዝና እስከ ገጠር ቢያደርስም፣ ማንም በቀላሉ ሊገለብጠው ስለሚችል የላባቸውን ዋጋ አሳጥቷቸዋል። በውጭ አሳታሚ በኩል የወጣ አልበም በአንጻሩ ሕጋዊ ውልና የባለቤትነት መዝገብ ነበረው። በኢትዮጵያ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሲታወጅ፣ ለከዋኞችና ለድምጽ ሪከርዲንግ ፕሮዲውሰሮች የ50 ዓመት ጥበቃ ተደንግጓል። ዛሬ ካሴቱን የእጅ ስልክ ቢተካውም ጉዳዩ አልተለወጠም። አድማጭ ዘፈንን ከሕጋዊ ምንጭ ሲገዛ፣ ከአንዲት የክልል ከተማ የምትነሳ ወጣት ድምጻዊት በሙያዋ ለመኖር የሚያስችላትን ገቢ ይፈጥርላታል።