በጋብቻ ላይ ጋብቻ፦ ወንጀሉና የተተወለት በር

እንበል፣ እጃጂ አካባቢ አንድ ገበሬ ወንድሙ ሞተበት። የሟችን ሚስት ከነልጆቿ ወረሰ። ኦሮሞው ‹ዻላ› ይለዋል፤ መሬቱ ከቤተሰብ እንዳይወጣ፣ ልጆቹም እንዳይበተኑ ነው። ችግሩ ሰውየው ሚስት አለው። ሽማግሌውም ጎረቤቱም ያውቃል። ታዲያ ወንጀለኛ ነው?

በወረቀት ላይ መልሱ የቆየ ነው። ስዊዛዊው ዣን ግራቨን ያረቀቁት የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ከሚያዝያ 27 ቀን 1950 ጀምሮ ሲሠራበት፣ ቁጥር 616 በጋብቻ ላይ ጋብቻን ወንጀል አደረገ። ለክርስቲያኑ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ ፍትሐ ነገሥቱም የሚያውቀው አንድ ሚስት ነው። (የመኳንንቱ ቅምጥ ሌላ ጉዳይ ነው። ቅምጥ ሚስት አትባልምና ይህ ወንጀል አይደርስባትም። ዛሬም ያው ነው።)

የሚገርመው ቀጣዩ ቁጥር ነው። 617 የፍትሐ ብሔር ሕጉ በልማድ መሠረት ከአንድ በላይ ማግባትን ከተቀበለ ቅጣት የለም ይላል። በ1952 የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሲመጣ ደግሞ አንቀጽ 585 የፊተኛው ጋብቻ ሳይፈርስ ሌላ ማግባትን ከለከለ። አንዱ ሕግ የተወውን በር ሌላው መጥቶ ደፈነው።

በ1997 የጸናው የወንጀል ሕግም ጥንዱን በ650 እና በ651 ደገመው። በሕግ የታወቀ ሃይማኖታዊ ወይም ባህላዊ ልማድ ከሆነ አያስቀጣም። ክርክሩ ሁሉ ያለው «በሕግ የታወቀ» በሚሉት ሁለት ቃላት ላይ ነው። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ አያልፍም፤ ብዙዎቹ ክልሎች የየራሳቸው አላቸው፣ ኦሮሚያም በ1995 አውጥታለች። ስለዚህ አገር አቀፉ የወንጀል አንቀጽ ትርጉሙን የሚያገኘው ከክልል ሕግ ነው ማለት ነው።

ግን ማን ይከሳል? የመጀመሪያዋ ሚስት ባሏ ከታሰረ ማን ያርስላታል? ሁለተኛዋም ሚስት እንዳለው እያወቀች ያገባች ላጤ ከሆነች 650 እሷንም በቀላል እስራት ይቀጣል። ባሏ የሞተባት የዻላ ሴት ደግሞ አውቃ ነው የገባችው፤ አፏን ብትከፍት ራሷ ተከሳሽ ልትሆን ነው። ተታልላ የገባች ብትሆን ግን አታላዩ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። በእኔ እይታ ሕጉ ያስፈራው ባልን ሳይሆን ልታመለክት የምትችለውን ሴት ነው።

የመሬት ቢሮው ግን እውነቱን ቀድሞ ተቀብሏል። በኦሮሚያ የገጠር መሬት ሲመዘገብ ከአንድ በላይ ሚስት ያለው ባል የይዞታ ደብተሩን በጋራ የሚይዘው ከአንዷ ጋር ብቻ ነው፤ ሌሎቹ በየስማቸው ይመዘገባሉ። የወንጀል ሕጉ የሚቀጣውን ትዳር ደብተሩ ቆጥሮ መዝግቦታል። እጃጂ ያለችው የወንድም ሚስትም ፍርድ ቤት የሚያደርሳት ጉዳይ ቢኖር አንቀጽ 650 አይመስለኝም። ደብተሩ ላይ ስሟ አለ ወይስ የለም የሚለው ነው።