ሲሮጡ የታጠቁት

ከሚዛን ተፈሪ ተነስቶ በበበቃ የቡና እርሻ በኩል ወደ ጉራፈርዳ የሚወርድ መንገደኛ፣ በቤንች፣ በሸኮና በመኤኒት ቋንቋዎች መካከል የሰሜን አማርኛም ከምባትኛም ይሰማል። የኋለኞቹን ሁለት ቋንቋዎች እዚህ ያደረሳቸው በአብዛኛው ረሃብና የመሬት ጥበት ነው። ከመከራው ማግስት የት እንደሚኖር ባለመከራው ራሱ የወሰነበት ጊዜ ግን ጥቂት ነው።

በ1977 ወሎ፣ ትግራይና ሰሜን ሸዋ ሲራቡ ደርግ 1.5 ሚሊዮን ሰው ለማስፈር ተነሳ፤ በአንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ወደ 600,000 የሚሆነውን አጓጓዘ። ለገበሬ ማኅበራት ኮታ ወረደ። ወድዶ የተመዘገበ ነበር፤ የዕርዳታ ስንዴ ሊቀበል ተሰልፎ ሳለ መኪና ላይ የተጫነም ነበር። መድረሻው ከፋ፣ ኢሉባቦር፣ ወለጋ፣ ጋምቤላና መተከል ሆነ። በዕቅዱ ጠፍ የተባለው ደን ግን ጠፍ አልነበረም። ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ ባለቤት ነበረው። ነባሩን ነዋሪ ያማከረው የለም። ደገኛውን ሰፋሪ ወባ ጣለው፤ በሬውን ገንዲ ፈጀበት። ደርግ በ1983 ሲወድቅ ብዙዎች ወደመጡበት ተመለሱ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኸው ነው።

የ1995ቱ ሰፈራ ከዚህ የተማረ መስሎ ጀመረ። በሦስት ዓመት 440,000 አባወራዎች፣ 2.2 ሚሊዮን ሰው፤ ግን በፈቃድ፣ በየክልሉ ውስጥ፣ ነባሩን አማክሮ። ኑሮው ካልተስማማው ሰፋሪው እንዲመለስ የቀድሞ ማሳው ለሦስት ዓመት ይጠበቅለታል ተባለ። ይሁን እንጂ አስቀድሞ ቁጥር የተቆረጠለት ምክክር እምቢታን የሚሰማበት ጊዜ የለውም። በጉራፈርዳ፣ መንግሥት ያመጣውም በራሱ የመጣውም ሰፋሪ ከነባሩ ጋር ያለው የመሬትና የደን ጥያቄ ሳይፈታ ከረመ። በ2004 በሺዎች የሚቆጠሩ አማሮች ከወረዳው ተፈናቀሉ፤ በጥቅምት 2013 እዚያው በተፈጸመ ጥቃት ከ30 በላይ ሰዎች ተገደሉ።

የተሻለ የምክክር ልምድ የታየው በምግብ ዋስትና በኩል ነው። በ1997 በተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ተረጂውን የሚመርጠው የቀበሌው ኮሚቴ ነው፤ ስም ዝርዝሩ በሕዝብ ፊት ይነበባል፤ ቅር ያለው አቤት የሚልበት ኮሚቴም አለ። ስብሰባ መጥራት ብቻውን ግን አይበቃም። በከፋና በሸካ ከጎረቤት ማዕድ ሲገለሉ የኖሩት፣ ከሰልና ማገዶ ሸጠው የሚያድሩት ማንጆዎች፣ ሽማግሌዎች በተቀመጡበት ዋርካ ሥር ካልተቀመጡ ስለ ደኑ የሚወሰነው ያለ እነሱ ነው።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ መሬት ተናደ። የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡ ጎረቤቶች በሁለተኛው ናዳ ተቀበሩ፤ የሟቾቹ ቁጥር ከ200 በለጠ። እንዲህ ላለው ሩጫ ጥሪ አያስፈልግም። ከእንዲህ ያለ አደጋ የተረፉት የት ይስፈሩ ሲባል ግን የሚለቁትንም የሚቀበሏቸውንም ለምክክር የሚጠራ ያስፈልጋል። ጥሪው ክረምት ገብቶ ገደሉ እስኪርስ መቆየት የለበትም። ቡናው ከተለቀመ በኋላ ሰው ቁጭ ብሎ የሚነጋገርበት በጋ አለ፤ መታጠቂያው ያኔ ነው።