ራሱን ለፈተና ያቀረበ ተቋም

የማንኛውም ሙያ ክብር የሚታወቀው ባለሙያው የገዛ ሥራውን ለመፈተን ባለው ፈቃደኝነት ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። መሐንዲስ የሠራው ድልድይ ጭነት መሸከሙ ሳይረጋገጥ መንገደኛ እንዲያልፍበት አይፈቅድም። ይሁን እንጂ አንድን አሳብ ለማስፋፋት የተቋቋመ ድርጅት ያንኑ አሳብ በሚዛን ላይ አስቀምጦ፣ ውጤቱ ቢያስደስትም ቢያስከፋም በይፋ ሲገልጽ ማየት የተለመደ አይደለም። በአሜሪካ በፔንሲልቫኒያ ክፍለ ግዛት የሚገኘውና ያለ ትርፍ የሚሠራው የሮዴል ተቋም ታሪክ በዚህ ረገድ ለሙያ ባልደረቦቻችን የሚያስተምረው ነገር አለ። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የተቋሙ መሥራች ጀሮም ኢርቪንግ ሮዴል በ1898 በኒው ዮርክ ከተማ ተወለዱ። በሂሳብ ሥራ ላይ ከቆዩ በኋላ በ1923 ከወንድማቸው ጋር የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ፋብሪካ አቋቋሙ፤ በ1930ም ፋብሪካውን ይዘው ኤማውስ ወደምትባለው የፔንሲልቫኒያ ትንሽ ከተማ ተዛወሩ። ገበሬም ሆነ የግብርና ሊቅ አልነበሩም። እንግሊዛዊው የዕፅዋት ሊቅ አልበርት ሀዋርድ በህንድ አገር ስለ አፈርና ስለ ብስባሽ አዘገጃጀት ያካሄዱትን ጥናት ካነበቡ በኋላ ግን ራሳቸው እርሻ ገዝተው ሞከሩት። በ1942 ያለ ኬሚካል ስለሚካሄድ እርሻ የሚናገር መጽሔት ማሳተም ጀመሩ፤ በ1947 ደግሞ ለአፈርና ለጤና ጥናት የሚውል የበጎ አድራጎት ፋውንዴሽን መሠረቱ።

ጊዜው የኬሚካል ማዳበሪያና ዲዲቲ በእጅጉ የተወደሱበት ስለ ነበር ከሊቃውንቱ ብዙዎቹ የሮዴልን ቃል በንቀት አለፉት። ንቀቱም ፈጽሞ መነሻ የሌለው አልነበረም። ሮዴል ብርቱ ጸሐፊ ቢሆኑም በእጃቸው የነበረው ማስረጃ በአብዛኛው የአትክልተኞች ምስክርነት ነበር። በሰኔ 1971 በቴሌቪዥን ቃለ ምልልስ ቀረጻ ላይ እንዳሉ በድንገት ሲያርፉ ለልጃቸው ያወረሱት ብዙ አንባቢና ገና ያልተመለሰ ጥያቄ ነው።

ልጃቸው ሮበርት ሮዴል ጥያቄውን በክርክር ሳይሆን በመሬት ላይ ለመመለስ መረጡ። በዚያው በ1971 በኩትዝታውን አጠገብ 135 ሄክታር ያህል የእርሻ ቦታ ለምርምር ተገዛ። የምርምሩም ኃላፊ ሆነው የተቀጠሩት በፊሊፒንስ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የሩዝ ምርምር ተቋም ያገለገሉት ሪቻርድ ሃርዉድ ነበሩ። የአረንጓዴው አብዮት ምንጭ ከነበሩት ተቋማት በአንዱ የሠራ ሊቅ መመረጡ አመራሩ ደጋፊን ሳይሆን መርማሪን ይፈልግ እንደነበር ያሳያል።

በ1981 የተጀመረው ሙከራ አሠራሩ ለመሐንዲስ ዓይን የሚማርክ ነው። ስድስት ሄክታር ያህል መሬት ለሦስት የአስተራረስ ዘዴዎች ተመደበ። አንደኛው የከብት ፍግንና ጥራጥሬን፣ ሁለተኛው የጥራጥሬ ሰብልን ብቻ ለአፈር ማዳበሪያነት የሚጠቀም ሲሆን፣ ሦስተኛው በአካባቢው እንደተለመደው በኬሚካል ማዳበሪያና በፀረ አረም የሚካሄድ ነበር። እያንዳንዱ ዘዴ ስምንት ጊዜ ተደገመ። መደቦቹ 18 ሜትር በ92 ሜትር ስለሆኑ ተራ የእርሻ መሣሪያ ይሠራባቸዋል፤ የአንዱ አፈርና ማዳበሪያ ወደ ሌላው እንዳይሻገርም በመካከላቸው 1.5 ሜትር ስፋት ያለው ሣር ተተወ።

የመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ውጤት ለአመራሩ መራራ ነበር። በኬሚካል የለማው መደብ በሄክታር በአማካይ 59 ኩንታል በቆሎ ሲሰጥ፣ የፍጉ 42፣ የጥራጥሬው 47 ኩንታል ብቻ አስገኘ። ሙከራው በዚያ ቢቋረጥ ኖሮ ፍርዱ በአባትየው አሳብ ላይ በሆነ ነበር። አመራሩ ግን ገንዘቡንም ትዕግሥቱንም ሳይነፍግ ቀጠለ። አፈሩ ካገገመ በኋላ የሦስቱም ምርት ከ63 እስከ 66 ኩንታል ባለው መካከል ተቀራረበ።

ከ1988 እስከ 1998 ባሉት አምስት የድርቅ ዓመታት ያለ ኬሚካል የለሙት መደቦች የበቆሎ ምርት ከሌላው ከ28 እስከ 34 በመቶ በለጠ፤ ምክንያቱም በአፈሩ ውስጥ የተጠራቀመው ብስባሽ ውሃ ይዞ ስለሚያቆይ ነው። በ1999 የደረሰው ብርቱ ድርቅ ግን የጥራጥሬውን መደብ ክፉኛ ጎዳው፤ ምርቱ ከኬሚካሉ መደብ ግማሽ እንኳ አልሞላም። ለአፈሩ ሽፋን ተብሎ በክረምት የተዘራው ቬች ለበቆሎው የሚያስፈልገውን ውሃ አስቀድሞ መጥጦት ነበር። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ፒመንተል ከተቋሙና ከመንግሥት ተመራማሪዎች ጋር በ2005 የ22 ዓመቱን ውጤት ባሳተሙ ጊዜ፣ ይህም ክፉ ዓመት ከደጎቹ ጋር አብሮ ወጣ። ውጭ ያለ ባለሙያ መዝገቡን እንዲመረምር መፍቀድ ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ለተቋሙ አመኔታ አስገኝቷል ማለት ይቻላል።

ሮበርት ሮዴል ግን ይህን አላዩም። በመስከረም 1990 ለሥራ በሄዱበት በሞስኮ በመኪና አደጋ ሞቱ። ሙከራው ግን በሰው ላይ ሳይሆን በሥርዓት ላይ የቆመ ስለነበር አልተቋረጠም። በ1970ዎቹ ወደ እርሻው የመጡት ጄፍ ሞየር የእርሻው ኃላፊ፣ በኋላም የተቋሙ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ከትራክተር ፊት የሚገጠምና ሰያፍ ስለቶች ያሉት ከባድ በርሜል በማስተዋወቅ ይታወቃሉ። በርሜሉ የሽፋኑን ሰብል አንጥፎ ግንዱን ስለሚቀጠቅጥ፣ ገበሬው ሳያርስና ፀረ አረም ሳይረጭ በዚያው ላይ ይዘራል። ተቋሙን ለረጅም ጊዜ የደገፈው የቤተሰቡ ማተሚያ ድርጅት በ2018 ለሌላ ኩባንያ ሲተላለፍም ምርምሩ በቦታው ቀርቷል።

ስለ ኬሚካል ማዳበሪያ ያለው ክርክር በአንድ አገር አፈር ላይ በተደረገ ሙከራ የሚዘጋ አይደለም። ያለ ኬሚካል የሚካሄደው እርሻ ተጨማሪ ጉልበት ይጠይቃል፤ ፍጉም ከአንድ ቦታ መምጣት አለበት። ይሁንና ክርክሩ ዛሬ በቁጥር ሊካሄድ የቻለው፣ የድርጅቱ መሪዎች የማይወዱትን ቁጥር አምስት ዓመት ሙሉ እየመዘገቡ መቆየት በመቻላቸው ነው። እኛም በየመሥሪያ ቤታችን አዲስ የአሠራር ዘዴ ስናቀርብ፣ ዘዴው የሚሳሳትበትን ዓመት ጭምር የሚይዝ መዝገብ አብረን ብናቀርብ፣ የሚመረምሩን ባልደረቦቻችን እምነታቸውን የሚነፍጉን አይመስለኝም።