ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት
በደሴ ከተማ የተቋቋመ ነባር የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት። የተሰየመው በንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ በእቴጌ መነን እናት በወይዘሮ ስኂን ሚካኤል ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በየአውራጃው ሳይስፋፋ፣ ከወረኢሉና ከቦረና ደጋ የሚመጣ ተማሪ ደሴ ላይ ቤት ተከራይቶ፣ ከወላጆቹ በሚላክለት በሶና ቆሎ እየተደገፈ ይማር ነበር። በ1960ዎቹ የተማሪዎች ንቅናቄ ስማቸው የገነነው ዋለልኝ መኮንንና ብርሃነ መስቀል ረዳ እዚህ ተምረዋል። ዋለልኝ በኅዳር 1962 ያቀረበው የብሔረሰቦች ጥያቄ ጽሑፍ እስከ ዛሬ ያከራክራል። የትምህርት ቤቱን ውለታ በፖለቲካ ሰዎች ብቻ መለካት ግን ስንቅ ቋጥረው የላኩትን የገበሬ ወላጆች መዘንጋት ነው። በስሙ ዛሬ በደሴ የወይዘሮ ስኂን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ይጠራል።